የቲያትርና የሙዚቃ መድረክ ቃላት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቲያትር ቤት ስንገባ፣ ኮንሰርት ስናይ ወይም የአልበም ሽፋን ስናነብ ስለሚያጋጥሙን ቃላት ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ይህን ነው፤ ከቀላሉ ተነስተን ወደ ከበድ ያለው እንሄዳለን።

ተውኔት፣ ቲያትርና ድራማ አንድ ናቸው?

በወሬ መሃል አንዱን በሌላው ቦታ ብንጠቀም ማንም አይቸገርም። ሙያው ውስጥ ግን ይለያያሉ። ተውኔት የሚባለው ለመድረክ የተጻፈው ጽሑፍ ነው። የሚጽፈው ሰው ጸሐፌ ተውኔት ይባላል። ቲያትር ደግሞ ያ ጽሑፍ ተዋናይ፣ መብራት፣ አልባሳትና ተመልካች አግኝቶ መድረክ ላይ ሲወጣ ነው። አንድ ተውኔት ታትሞ፣ ተነቦ፣ ተወድዶም ቲያትር ሳይሆን ሊቀር ይችላል።

ድራማ የሚለውን ቃል ዛሬ ከተማ ውስጥ የምንሰማው በአብዛኛው ለቴሌቪዥንና ለሬዲዮ ነው። "ትናንት ድራማውን አየሽው?" ስትባሉ ስለ ብሔራዊ ቲያትር እንደማይጠይቋችሁ ታውቃላችሁ። በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ግን ድራማ ማለት ከግጥምና ከልብ ወለድ ጎን የሚቆመው ትልቁ ዘርፍ ነው፤ ተውኔትም እሱ ውስጥ ይገባል።

ቲያትር ቤቱንም ቲያትር እንለዋለን። ፒያሳ ያለው ሀገር ፍቅር ቲያትር በ1927 ዓ.ም. ማኅበር ሆኖ የተመሠረተ ነው። ብሔራዊ ቲያትር በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከፈት ስሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ነበር።

ተዋናይና ገጸ ባሕርይ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ገጸ ባሕርይ በጽሑፉ ውስጥ ያለው ሰው ነው። ተዋናይ እሱን ሆኖ የሚጫወተው ባለሙያ ነው። ገጸ ባሕርይው አንድ ሆኖ ተዋናዮቹ ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ቲያትር ለዓመታት ሲታይ ተዋናይ ይታመማል፣ ሀገር ይለቃል፣ ሌላ ይተካል፤ ገጸ ባሕርይው ግን እዚያው ነው። በሀገራችን ዘመናዊ ቲያትር መጀመሪያ አካባቢ ሴት ገጸ ባሕርያትን ወንዶች ይጫወቱ ነበር። ያኔ ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይታይ ስለነበር ነው። ያንን ግድግዳ ያፈረሱት ሴቶች የከፈሉት ዋጋ ዛሬም በቂ ምስጋና ያገኘ አይመስለኝም።

"መሪ ተዋናይ" ሲባል ዋናውን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ማለት ነው። ታሪኩ ውስጥ ጥሩው ሰው ይሁን ክፉው ለውጥ አያመጣም።

ገቢር ምንድን ነው? ትዕይንትስ?

ገቢር የተውኔቱ ትልቁ ክፍል ነው። ትዕይንት በገቢር ውስጥ ያለው ትንሹ ክፍል ነው። ብዙ ጊዜ በገቢሮች መካከል መጋረጃ ይዘጋል ወይም ዕረፍት ይሆናል። ትዕይንት የሚቀየረው ቦታው ወይም ሰዓቱ ሲቀየር ነው፤ መብራት ጠፍቶ ሲበራ ሳሎን የነበረው መድረክ ፍርድ ቤት ሊሆን ይችላል። "ባለ አንድ ገቢር" የተባለ ተውኔት ከተለጠፈ ዕረፍት ሳይኖር በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ ነው።

አዘጋጅ ማለት ገንዘብ የሚያወጣው ነው?

አይደለም። ይህ በጣም የሚያምታታ ቃል ነው። ለሰርግና ለኮንሰርት "አዘጋጅ" ስንል ዝግጅቱን ያሰናዳውን፣ ወጪውን የቻለውን እንላለን። ለቲያትር ግን አዘጋጅ ማለት ዳይሬክተሩ ነው። ጽሑፉን የሚተረጉመው፣ ተዋናዮችን የሚመርጠው፣ ማን ከየት ገብቶ የት እንደሚቆም የሚወስነው፣ የመብራቱንና የሙዚቃውን ስሜት የሚያስማማው እሱ ነው። ገንዘቡን የሚያወጣው ፕሮዲዩሰር ይባላል።

የአዘጋጅን ሥራ ለማየት ጥሩው መንገድ አንድን ተውኔት በሁለት የተለያዩ አዘጋጆች ማየት ነው። ቃሉ አንድ፣ ቲያትሩ ሁለት ይሆንባችኋል። የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ተውኔቶች ሲያነሱ የአባተ መኩሪያን ስም አብረው የሚጠሩት ሰዎች ለዚህ ነው። ጸጋዬ ጻፈ፣ አባተ ደግሞ መድረኩን በሰው ብዛትና በእንቅስቃሴ ሞላው። ፖስተር ስታነቡ "ድርሰት" እና "ዝግጅት" የሚሉትን ሁለት መስመሮች ለይታችሁ አንብቡ፤ ሁለት የተለያዩ የፈጠራ ሥራዎች ናቸው።

"የመድረክ መሪ" የሚባለው ማይክ ይዞ የሚያስተዋውቀው ነው ወይስ ከመጋረጃ ጀርባ ያለው?

በተለምዶ የመድረክ መሪ የምንለው ፕሮግራሙን የሚያስተዋውቀውን ነው። በቲያትር ግን ከመጋረጃ ጀርባ ሌላ ሰው አለ፤ ስቴጅ ማናጀር ወይም የመድረክ አስተባባሪ ይሉታል። ተዋናዩ በሰዓቱ መድረሱን፣ ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ መቀመጡን፣ መብራቱ በየትኛው ቃል ላይ መጥፋት እንዳለበት የሚከታተለው እሱ ነው። ቲያትሩ አንዴ ከተመረቀ በኋላ በየሳምንቱ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ስሙን ተመልካች አያውቀውም፤ ተዋናዮቹ ግን ከማንም በላይ የሚፈሩትና የሚያከብሩት እሱን ነው።

መድረክ ላይ "ቀኝ" ሲባል የማን ቀኝ ነው?

ፊቱን ወደ ተመልካቹ ያዞረው ተዋናይ ቀኝ ነው። ተመልካች ሆናችሁ ስታዩት በግራችሁ በኩል ያለው ማለት ነው። ይህ ስምምነት ባይኖር ልምምድ ላይ ሁሉም ይጋጭ ነበር። ወደ ተመልካቹ የቀረበው የመድረክ ፊት፣ የራቀው ደግሞ የመድረክ ጀርባ ይባላል። በድሮዎቹ የአውሮፓ ቲያትር ቤቶች መድረኩ ከኋላ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ ብሎ ይሠራ ስለነበር እነሱ እስከ ዛሬ "ላይ" እና "ታች" ይሉታል። በውጭ ሀገር ከቲያትር ቡድን ጋር የምትሠሩ ከሆነ "ወደ ታች ና" ሲሏችሁ ወደ ተመልካቹ መቅረብ እንጂ ከመድረክ መውረድ አይደለም።

ቃለ ተውኔት፣ መነባንብ፣ ጭውውትና ትረካ እንዴት ይለያሉ?

ቃለ ተውኔት በገጸ ባሕርያት መካከል የሚደረገው ንግግር ነው። በቲያትር ታሪኩ የሚነገረን በዚያ ነው፤ ልብ ወለድ ውስጥ እንዳለው "አዝኖ ነበር" ብሎ የሚነግረን ተራኪ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ስለዚህ ጥሩ ቃለ ተውኔት ሰውየው የሚናገረውንም የሚደብቀውንም ያሳያል።

መነባንብ አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ፣ ብዙ ጊዜ በግጥም፣ በድምፁና በአካሉ እየተጫወተ የሚያቀርበው ነው። ግጥም ከማንበብ ይበልጣል። አቅራቢው ቃሉን በልቡ ይዞታል፤ በውስጡ የሚናገር ገጸ ባሕርይም አለ። ጭውውት አጭር፣ ብዙውን ጊዜ አስቂኝ የሆነና ሁለት ሦስት ሰዎች የሚጫወቱት ነው። በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በበዓል ዝግጅት ላይ የለመድነው።

ትረካ ደግሞ የተጻፈን ልብ ወለድ በድምፅ ሕይወት መስጠት ነው። ወጋየሁ ንጋቱ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን በሬዲዮ ሲተርክ ያደመጠ ሁሉ ይህን ማብራሪያ አይፈልግም። አንድ ሰው ነው የሚሰማው፤ ግን የጌታውም፣ የሎሌውም፣ የሴቲቱም ድምፅ ተለይቶ ይታወቃል። ይህ ቲያትር አይደለም፤ ቲያትር ያሠለጠነው ድምፅ ግን ነው።

ትራጄዲ የሚያስለቅስ፣ ኮሜዲ የሚያስቅ ማለት ነው?

ለመነሻ ያህል ያስኬዳል፤ ግን አይበቃም። ትራጄዲ ውስጥ ዋናው ሰው በራሱ ምርጫ፣ በራሱ ጉድለት ወይም ሊያመልጠው በማይችለው ዕጣ ወደ ውድቀት ይሄዳል። ለቅሶው የዚያ ውጤት ነው። ኮሜዲ ደግሞ የሰውን ድክመት፣ ግብዝነትና ስግብግብነት እያጋለጠ ብዙ ጊዜ በዕርቅ ወይም በጋብቻ ያበቃል። የመንግሥቱ ለማን ኮሜዲዎች ያየ ሰው ሳቁ ከምን እንደሚመጣ ያውቃል። የሚያስቀው ቀልድ የሚያወራው ሰው ብቻ አይደለም፤ አሮጌው ልማድና አዲሱ ትምህርት ሳሎን ውስጥ ሲጋጩ ነው።

ኮሜዲ ቀላል ነገር ነው የሚለው አስተሳሰብ በጣም ያሳዝነኛል። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ተብሎ የሚታወቀው የበጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ሥራ ራሱን "የአውሬዎች ኮሜዲያ" ብሎ የጠራ ነው። እንስሳት እየተናገሩ የሹማምንቱን ብልሹነት ነገሩ። ተመልካቹ ገባው፤ መኳንንቱም ገባቸው። ተውኔቱም ታገደ። የሀገሪቱ የቲያትር ታሪክ የጀመረው በሚያስቅ ነገር በተቆጡ ባለሥልጣናት ነው።

አንድ ቲያትር በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚታየው ለምንድን ነው?

በአዲስ አበባ ቲያትር ቤቶች የተለመደው አሠራር ይህ ነው። ቲያትር ቤቱ ቀኖቹን ለተለያዩ ቲያትሮች ያከፋፍላል፤ አንዱ የሐሙስ፣ አንዱ የእሑድ ይሆናል። ተመልካች እስካለው ድረስ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በዚያው ቀን ይቆያል። በአንጻሩ በብዙ የምዕራብ ከተሞች አንድ ቲያትር በየቀኑ ይታይና በጥቂት ሳምንታት ይሰናበታል።

ከዚህ ጋር አብረው የሚሄዱ ቃላት አሉ። "ምረቃ" ቲያትሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የሚታይበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት ያለው የመጨረሻ ልምምድ በሙሉ አልባሳት፣ በሙሉ መብራት፣ ሳይቋረጥ ይካሄዳል። እዚያ ላይ ተዋናዩ ቃል ቢረሳም አይቆምም። ተመልካቹ የተቀመጠ ያህል ራሱን አውጥቶ ይቀጥላል።

ዜማ፣ ግጥምና ቅንብር፦ አንድን ዘፈን "የሠራው" ማን ነው?

አብዛኞቻችን የዘፋኙን ስም ብቻ ነው የምናውቀው። አንድ ዘፈን ግን ቢያንስ አራት እጅ ያልፋል። ገጣሚው ቃሉን ይጽፋል። የዜማ ደራሲው ድምፁ ከፍ ዝቅ የሚልበትን መንገድ፣ አፋችን ላይ የሚቀረውን ይፈጥራል። አቀናባሪው ያ ዜማ በምን መሣሪያ፣ በምን ምት እንደሚታጀብ፣ መግቢያው ምን እንደሚሆን፣ ሳክስፎኑ የት እንደሚመልስ ይወስናል። ድምፃዊው ደግሞ ሁሉንም ተቀብሎ በራሱ ጉሮሮ ሕይወት ይሰጠዋል። በዘመናችን ሚክሲንግና ማስተሪንግ የሚሠራውም አምስተኛ ሰው አለ። እሱ የእያንዳንዱን መሣሪያ ድምፅ መጥኖ አንድ የሚያደርግ ነው።

ቅንብር ከሁሉም የተረሳው ነው። እስቲ አንድ የምትወዱትን የቆየ ዘፈን መግቢያውን ብቻ በአፋችሁ አዚሙት። ያዜማችሁት የአቀናባሪውን ሥራ ነው። ነርሲስ ናልባንዲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር የሠራው ሥራ የዚህ ዓይነት ነበር። በአምስት ድምፅ የሚሄደውን የኢትዮጵያ ዜማ በነሐስ መሣሪያዎችና በብዙ ሙዚቀኞች እንዴት ማጀብ እንደሚቻል ያሳየ ሰው ነው። ስሙን የማያውቁ ብዙ ሰዎች ሥራውን ያውቁታል።

ድምፃዊ፣ ዘፋኝ፣ አዝማሪና ዘማሪ አንድ ናቸው?

ድምፃዊና ዘፋኝ የሚያመለክቱት አንድ ሰውን ነው። ድምፃዊ የሚለው የአክብሮት ቃና ስላለው መገናኛ ብዙኃን ይመርጡታል። ዘማሪ የሚባለው መንፈሳዊ መዝሙር የሚዘምረው ነው። ይህን ማደባለቅ ሁለቱንም ወገን ቅር ያሰኛል።

አዝማሪ ከሁሉም የተለየ ሙያ ነው። ራሱ መሲንቆውን ይመታል፣ ራሱ ይዘፍናል፣ ግጥሙንም እዚያው ተመልካቹ ፊት ይፈጥራል። የእንግዳውን ልብስ፣ ጠባይ፣ ሀገር አይቶ ወዲያው በግጥም ያስገባዋል፤ ብዙ ጊዜም በሰምና ወርቅ። ቃሉን ለስድብ የተጠቀሙበት ዘመን አለ፤ ያም ግፍ ነው። ሌላው ዓለም በሰፊ ጥናት የሚያከብረው በቅጽበት የመፍጠር ችሎታ አዝማሪ ቤት ውስጥ በየምሽቱ ይታያል።

አውራጅና ተቀባይ ምን ማለት ነው? "ተቀበል!" ሲባልስ?

በባህላዊ ጨዋታ አንዱ ግጥሙን ያወጣል፣ ሌሎቹ አዝማቹን ይመልሳሉ። የመጀመሪያው አውራጅ፣ የቀሩት ተቀባዮች ናቸው። በሰርግ፣ በአሸንዳ፣ በገና ጨዋታ ያደገ ሰው ይህን ሳይማር ያውቀዋል። በዘመናዊ ሙዚቃ ከድምፃዊው ኋላ ቆመው የሚያጅቡት ኮረስ ወይም ባክ ቮካል የሚባሉት ሥራቸው ከተቀባይ ጋር ይመሳሰላል።

አዝማሪ ቤት "ተቀበል!" የሚለው እንግዳው ነው። እንግዳው የራሱን ግጥም ስንኝ በስንኝ ይናገራል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። እዚህ ላይ የግጥሙ ባለቤት ደንበኛው፣ የዜማው ባለቤት አዝማሪው ይሆናል። ተመልካችና ተጫዋች እንዲህ በአንድ ሥራ ላይ የሚገናኙበት መድረክ ጥቂት ነው።

የክራር፣ የበገና፣ የመሲንቆና የዋሽንት ዋና ልዩነት ምንድን ነው?

ክራር ብዙውን ጊዜ ስድስት ክር አለው፤ ለዓለማዊ ዘፈን ነው። በገና አሥር ክር ያለው ትልቅ መሣሪያ ሲሆን ለጸሎትና ለመንፈሳዊ ዜማ ነው የሚደረደረው። በተለይ በዐቢይ ጾም ይሰማል። ያ የሚነዝር ድምፁ የሚመጣው በክሩና በብርኩማው መካከል ከሚገቡት የቆዳ ቁራጮች ነው፤ እንዚራ ይባላሉ። መሲንቆ አንድ ክር ብቻ አለው፤ ከፈረስ ጭራ የሚሠራ ሲሆን በደጋን ይገዘገዛል። ዋሽንት ከሸምበቆ የሚሠራና በአብዛኛው አራት ቀዳዳ ያለው ነው። በገና ይደረደራል፣ ክራርና መሲንቆ ይመታሉ፣ ዋሽንት ይነፋል።

ባንድና ኦርኬስትራ ልዩነታቸው የሰው ብዛት ብቻ ነው?

በብዛትም በአደረጃጀትም ይለያሉ። ባንድ ስንል ዛሬ ድራም፣ ቤዝ ጊታር፣ ሊድ ጊታር፣ ኪቦርድና ሳክስፎን ያሉበትን አነስተኛ ቡድን ነው። ኦርኬስትራ ብዙ ሙዚቀኞች በመሣሪያ ዓይነት ተከፋፍለው፣ የተጻፈ ኖታ እያነበቡ፣ በአንድ መሪ እጅ የሚጫወቱበት ነው።

የእኛ ታሪክ ግን ድንበሩን ያደበዝዘዋል። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ አግኝተው ያመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ባንድ ነበሩ፤ "አርባ ልጆች" ይባላሉ። የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የነርሲስ አጎት ነው። ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛና የፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች ተጠናከሩ። ማርሽ የሚጫወቱ ወታደሮች ማታ ትዝታ ያጅቡ ነበር። ጥላሁን ገሠሠም ከሀገር ፍቅር ተነስቶ የገባው ወደ ክብር ዘበኛ ነው። የ1960ዎቹ ዘፈኖች ውስጥ ጥሩምባና ሳክስፎን የበዛው ለዚህ ነው።

የድምፅ ውድድር ዳኞች "ከቅኝት ወጣህ"፣ "ምት ሳትክ" የሚሉት ምን ለማለት ነው?

ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች ናቸው። ከቅኝት መውጣት ማለት ድምፁ ከሚፈለገው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ መገኘቱ ነው። ሰዓቱ ልክ ሆኖ ድምፁ ልክ ላይሆን ይችላል። ምት መሳት ደግሞ ድምፁ ልክ ሆኖ ቀድሞ መግባት ወይም መዘግየት ነው። ቴምፖ የሙዚቃው ፍጥነት ነው። ምት ደግሞ እየተደጋገመ የሚመጣው፣ እግራችን ወለል የሚመታበት ነው። ችክችካ የምንለው ፈጠን ያለው የእስክስታ ምት ብዙ ጊዜ በስድስት ስምንተኛ ይቆጠራል። በሁለትም በሦስትም ሊሰማ ስለሚችል ለውጭ ሙዚቀኞች መጀመሪያ ላይ ያስቸግራቸዋል።

ቅኝት ምንድን ነው? አራቱስ በምን ይለያሉ?

ቅኝት ዜማው የሚረግጣቸው ድምፆች ስብስብና በመካከላቸው ያለው ርቀት ነው። የእኛ ዋና ዋና ቅኝቶች አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። የሚታወቁት አራት ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስምም ናቸው።

ኪቦርድ ላይ መሞከር ለምትፈልጉ፣ ከዶ ብንነሳ እንዲህ ይሆናሉ። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ሚና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ስታደርጉ ትዝታ ማይነር ይሆናል፤ ሐዘኑ ወዲያው ይሰማችኋል። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። አንቺሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። አንቺሆዬን መጀመሪያ የሚሰማ የውጭ ሰው የተበላሸ መሣሪያ ይመስለዋል። ለእኛ ግን የሰርግ ድምፅ ነው።

ቃሉ ከመቃኘት ነው የመጣው፤ ክራር ተጫዋቹ ክሮቹን ለሚጫወተው ዜማ ያስተካክላቸዋል። ስድስተኛው ክር ብዙ ጊዜ ከአምስቱ አንዱን በሌላ ከፍታ ይደግማል። ስለዚህ ባለ ክራሩ ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ለመሄድ እንደገና መቃኘት አለበት፤ ወይም ሌላ የተቃኘ ክራር ያነሳል። ዋሽንት ነፊውም ለዚህ ነው ብዙ ዋሽንት ይዞ የሚመጣው። መሲንቆ ግን ድምፁን በጣት ስለሚፈልገው ሁሉንም በዚያው አንድ ክር ያወጣል። በዘፈኖች መካከል ሙዚቀኛው ጎንበስ ብሎ ሲቃኝ ብታዩ ታገሱት፤ ያለዚያ ቀጣዩ ዘፈን አይመጣም።

ትዝታ ዘፈን ነው ወይስ ቅኝት?

ሁለቱም ነው። ትዝታ የቅኝት ስም ነው። ትዝታ በዚያ ቅኝት የሚዘፈን፣ እያንዳንዱ ድምፃዊ የራሱን ግጥም የሚያስገባበት የታወቀ ዘፈንም ነው። በትዝታ ቅኝት የተሠራ ሁሉ ስለ ናፍቆት አይደለም። የሚያስጨፍሩ ብዙ ዘፈኖች በዚሁ ቅኝት ናቸው። እንዲሁም ስለ ናፍቆት የሚያወራ ዘፈን በባቲ ሊሆን ይችላል። ርዕሱን አይታችሁ ቅኝቱን አትገምቱ፤ በጆሮ ለዩት።

ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የእነዚህ ቅኝቶች ሌላ ስም ናቸው?

አይደሉም። እነዚህ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው ከቅዱስ ያሬድ ጋር የሚያያዙት የቤተ ክርስቲያን የዜማ ስልቶች ናቸው። የራሳቸው ሥርዓት አላቸው፤ ከፊደል በላይ በሚጻፉ ምልክቶች ይመራሉ። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት ይባላሉ። "አራራይ ማለት ትዝታ ነው" ብሎ በአንድ መስመር ማዛመድ የተለመደ ነው፤ ለሁለቱም ግን ፍትሕ አያደርግም። የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ ከመሪጌታ፣ ቅኝቱን ከክራር ተጫዋች መማር ይሻላል።

ላይቭ፣ ፕሌይባክና ሊፕሲንክ እንዴት እለያለሁ?

ላይቭ ማለት የምትሰሙት ሁሉ በዚያች ቅጽበት እየተጫወተ ነው ማለት ነው። ፕሌይባክ በእኛ ሀገር ለሁለት ነገር ይውላል። አንዱ ሙዚቃው የተቀዳ ሆኖ ድምፃዊው ግን በእውነት ሲዘፍን ነው። ሌላው ድምፁም የተቀዳ ሆኖ ድምፃዊው አፉን ብቻ ሲያንቀሳቅስ ነው፤ ትክክለኛ ስሙ ሊፕሲንክ ነው።

መለየት አይከብድም። ድምፃዊው ማይኩን ከአፉ ሲያርቅ ድምፁ ካልቀነሰ፣ እየዘለለ ትንፋሹ ካልተሰማ፣ ዘፈኑ ከአልበሙ ጋር በአንድ ፊደል ካልተለየ፣ የተቀዳ ነው። የተቀዳ ሙዚቃ መጠቀም በራሱ ነውር አይደለም። በጀት የማይበቃበት፣ የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ የማይመችበት ጊዜ አለ። ግን ሰው ለላይቭ ከፍሎ ፕሌይባክ ሊሰማ አይገባም። ፖስተሩ ላይ "ከሙሉ ባንድ ጋር" ከተጻፈ ባንዱ መኖር አለበት።

የቆየ ዘፈን እንደገና ብዘፍን ከቨር ነው፣ ሪሚክስ ነው ወይስ ስርቆት?

ከቨር የሌላ ሰውን ዘፈን በራሳችሁ ድምፅና በአዲስ ቅንብር መሥራት ነው። ሪሚክስ የተቀዳውን ዋናውን ሥራ ወስዶ መቀየር፣ መጨመር፣ መቁረጥ ነው። ሁለቱም የጥበብ መንገድ ናቸው። ሁለቱም ፈቃድ ይፈልጋሉ።

በኢትዮጵያ ይህን የሚመለከተው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። የገጣሚውና የዜማ ደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እስካሉ ድረስ፣ ከሞቱም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ ወራሾቻቸው ይጠይቃሉ። ተዛማጅ መብት የሚባለው ደግሞ የከዋኙ፣ ማለትም የድምፃዊው፣ የተዋናዩ፣ የሙዚቀኛው፣ እንዲሁም የድምፅ ቅጂ ፕሮዲዩሰሩ መብት ነው። ስለዚህ ድምፃዊው ብቻ "ዝፈነው፣ ፈቅጃለሁ" ቢላችሁ አይበቃም። ግጥሙንና ዜማውን የደረሱትን ፈልጋችሁ አግኙ፤ ስምምነቱንም በጽሑፍ አድርጉት።

በጣም አስቸጋሪው "የሕዝብ ዜማ" ነው። ደራሲው የማይታወቅ፣ ከትውልድ ትውልድ የተላለፈ ዜማ ማንም ሊያዜመው ይችላል። ነገር ግን ያንን ዜማ ከእናንተ በፊት ሌላ ሰው አቀናብሮት ከሆነ፣ የእሱ ቅንብር የእሱ ነው። ከአልበሙ የሰማችሁትን መግቢያ፣ የጥሩምባ መልስና አዲስ የጨመረውን ግጥም ወስዳችሁ "የሕዝብ ነው" ማለት አይቻልም። ዜማውን ከምንጩ፣ ከሚያውቁት አዛውንቶች ተማሩት፤ ቅንብሩን ራሳችሁ ሥሩት። ሽፋኑ ላይም "ዜማ፦ የሕዝብ፣ ቅንብር፦ እገሌ" ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ።